«በ6 ወር መካኒክ ይሁኑ» ያዋጣል ወይ?

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሥራ አጥ ወጣቶች በጻፋችሁ ቁጥር «ሙያ ይማሩ» የምትል ምክር አትጠፋም። እኔም ሙያ ያበላኝ ሰው ነኝና አልቃወምም። ግን ሙያው ስንት ያስወጣል፣ መቼስ ይመልሳል ብሎ የሚያሰላ አላየሁም። ሰሞኑን እህቴ ደውላ «ልጁን መካኒክነት ላስተምረው ነው፣ ስድስት ወር ነው፣ 30 ሺህ ብር አሉኝ፣ ያዋጣል?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ጋራዥ ይዤ እንዲህ መሆኔ አሳፈረኝና ቁጭ ብዬ አሰብኩበት።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። በ16 ዓመቴ ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ገባሁ። ደመወዝ የለም፣ ምሳ ብቻ። አንድ ዓመት ሙሉ ዕቃ በናፍጣ አጠብኩ። በሚቀጥለው ዓመት መፍቻ አቀባይ ሆንኩ። አለቃዬ ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ «ሂድ ሻይ አምጣ» ይሉኛል፣ ሙያውን እንዳላይባቸው። ብቻዬን ሞተር አውርጄ የገጠምኩት በአራተኛው ዓመት ነው። ሰው ይሄን «በነፃ መማር» ይለዋል። ምኑ ነው ነፃው? አራት ዓመት ወጪ አይደለም እንዴ? ደግሞ የተማርኩት በሰው መኪና ነው። አንዴ የኮሮላ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) በጉልበቴ አጥብቄ የቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ ጥርስ በላሁት። አልሙኒየም መሆኑን ማን ነግሮኝ! ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ሒሳቡን የከፈለው ባለመኪናው ነው፣ ምን እንደተፈጠረም አልተነገረውም። ይኸው ዛሬ ተናዘዝኩ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ይሻላል ልል ነው? ቆይ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የግል ማሠልጠኛ የወጣ ልጅ ቀጠርኩ። ስሙን አልጠራውም፣ ብቻ ሰርተፊኬቱ ያምራል። አንዲት ቪትዝ አሳየሁትና «ካንዴላዋን ፍታ» አልኩት። ቆሞ ያያታል። ከላይ ያለው ክዳን ሸፍኖበት ካንዴላው የት እንዳለ አላገኘውም። በኋላ ሲነግረኝ፣ ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ሞተር ነው፤ ብረት ላይ የተሰቀለ፣ ሆዱ ተቀዶ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ለማሳያ። ነዳጅ ገብቶበት ተነስቶ አያውቅም። አርባ ተማሪ ከቦት እየቆመ ያየዋል። ልጁ ሁለት ወር ያህል ከዕቃ አጣቢው በታች ሆኖ ከረመ።

ከዚያ አንዲት ያሪስ መጣች። የቼክ ኢንጅን መብራቷ በርቷል፣ ሞተሯ ሚስ ያደርጋል፣ እየተቆራረጠ ይሠራል። የኔ የድሮ መካኒክ ካንዴላ ቀየረ፣ ኮይል ቀየረ፣ ባለቤቷ ከፍላ ሄደች፣ በሦስተኛው ቀን እየተቆጣች ተመለሰች። ያ ልጅ የሽቦ ዝርዝሩን ስልኩ ላይ አውጥቶ፣ ቴስተር ይዞ፣ እያንዳንዷን መስመር እየለካ ግማሽ ቀን ፈጀ። ብረት የበላት አንዲት ሽቦ አገኘ። የኤሌትሪክ ቴፕ ጠቀለለባት፣ አለቀ። እሱ ንድፍ ማንበብ የተማረው ትምህርት ቤት ነው። እኔም የድሮ መካኒኬም ያንን አንችልም። ዛሬ የራሱን የመኪና ብልሽት ማንበቢያ ስካነር ገዝቶ በስልክ እየተጠራ ይሠራል፤ ከኔም ሳይበልጥ አይቀርም የሚያገኘው። እኔ አራት ዓመት የፈጀብኝን እሱ በአንድ ዓመት ተኩል ጨረሰው። 30 ሺሁ የሚታሰበው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው።

ሌላም አለ። ከጥር 2016 ወዲህ መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ ዘመዶቼ ሳይቀሩ በኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚሄዱት። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ቴስታታ የለ። እኔ ጋ የሚመጡት ለፍሬን ሸራ፣ ለጎማና ለእግር ሥራ ነው። ባትሪው ግን ሌላ ዓለም ነው። የለመድነው 12 ቮልት በጣት ቢነኩትም አይገድልም፤ የነዚህ 400 ቮልት አካባቢ ነው። ያቺን የባትሪውን ብርቱካናማ ኬብል ከመንካት በፊት ኃይሉን ማቋረጥ፣ ውስጥ የቀረው እስኪወርድ ደቂቃዎች መጠበቅ፣ ለዚሁ የተሠራ ጓንት ማጥለቅ ያስፈልጋል። እኔ ቴስታታ እያበላሸሁ እንደተማርኩት እያበላሹ የሚማሩት ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ ከተሳሳትክ ሁለተኛ የለም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለ ትምህርት አይሆንም። ችግሩ ማሠልጠኛው ራሱ ገና የድሮ መኪና ካርቡራቶር ላይ መሆኑ ነው!

ስለዚህ ለእህቴ ያልኳት ይሄን ነው። ከመክፈልሽ በፊት ወርክሾፑን አሳዩኝ በይ። የሚነሳ መኪና ስንት አለ? አንድ ሞተር ለስንት ልጅ ነው? የኤሌክትሪክ መኪና አንድ እንኳ አለ? ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) የሚያስፈትን ደረጃ ነው ወይስ እዛው ግቢ ብቻ የሚታወቅ ወረቀት? አፓረንት (ለተግባር ልምምድ) የሚወጡት የት ነው? ይሄን ሲጠየቁ የሚቆጡ ከሆነ ብርሽን ይዘሽ ውጪ። የመንግሥት ማሠልጠኛዎቹን፣ እነ ተግባረዕድንም ሳታዪ አትወስኚ። ጊዜው ይረዝማል፣ ወጪው ግን ከግሉ ጋር አይገናኝም፣ ያንሳል።

እዚህ ላይ እኛም ባለጋራዦች ንጹሕ አይደለንም። በወረቀት ደረጃ ሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ነው ይባላል። ታዲያ የአፓረንት ተማሪ ሲላክልን ምን እናደርጋለን? መጥረጊያ እንሰጠዋለን፣ መኪና እንዳያበላሽብን ከሩቅ እናቆመዋለን፣ ሲጨርስ ወረቀቱን ፈርመን ማኅተም እንመታለን። እኔም መትቻለሁ፣ ስንት ጊዜ!

የእህቴ ልጅ የመንግሥቱን መርጧል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኔ ጋ ይመጣል። ናፍጣው ገንዳ ጋ አስቀምጠዋለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ለአንድ ወር ብቻ። ሻይ የማመጣው እኔ ነኝ።

አንድ የጋራዥ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ