ጉዳዩ፦ «ማክሰኞ ይገባል» ስለተባልነው ኢንሱሊን

ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም
ለመድኃኒት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴን ታውቋታላችሁ፤ በየወሩ የጤና መድን ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ደጃችሁ የምትቆመው ናት። ስለዚህ ከመጀመሪያው አልተርክም።

ሐሙስ ጥር 14 ባለሙያችሁ «አብሽሩ እማማ፣ ማክሰኞ ይገባል፤ የእርስዎን ለብቻ አስቀምጣለሁ» አለቻት። ስልኬንም በራሷ ደብተር ላይ ጻፈች። እናቴ መርቃት ወጣች።

ትናንት ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደረስን። የኮምቦልቻን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ መድኃኒቱ እንዳይበላሽባት ከጎረቤት ፍሪጅ በረዶ ለምና በፔርሙዝ ይዛለች። ተራችን ሲደርስ ያችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «አልገባም» አለች። እሺ ብለን ዞር ሳንል ከኋላችን የነበረ ሰው ያንኑ ኢንሱሊን ጠየቀ። «በካሽ ነው?» «አዎ።» ፍሪጁ ተከፈተ፤ ሁለት ብልቃጥ ወጣ። ምንድን ነው ነገሩ ስላት «ይሄ የሽያጭ ነው፣ የመድን አይደለም» አለችኝ። ቀጥላም ሰው ሁሉ እየሰማ፦ «በነፃ እየወሰዳችሁ ደግሞ ትቆጣላችሁ?»

እናቴ ፔርሙዟን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው።

በነፃ አይደለም። መክፈል ስለማትችል መዋጮዋን መንግሥት ይሸፍንላታል፤ የመድኃኒቱን ዋጋ መድኑ ለእናንተ ይከፍላል። ሆስፒታሉ ሲያልቅበት ወደ እናንተ የሚልከን ውል ስላላችሁ ነው። ክፍያው ከዘገየባችሁ (ይዘገያል ሲባል እሰማለሁ) ከመድኑ ጋር ተነጋገሩ እንጂ እሷን አታስከፍሏት። ሐይቅ ያለችው አክስቴ በ2003 ዓ.ም የጤና መድኑ ሙከራ ተሁለደሬ ላይ ሲጀመር ጀምሮ አባል ናት፤ የጠፋውን ውጭ ገዝታ በደረሰኝ ታስመልሳለች። እኛ ያንን እንድናደርግ ግን ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማህተም እንኳ አትመቱልንም።

ካነሳሁ አይቀር፣ ባለፈው ወር የሆስፒታሉ ማህተም ደብዝዟል ብላችሁ የሐረጎን ዳገት አስወጥታችሁ ደሴ መልሳችሁናል። ከዚያ በፊት የ30 ቀን የስኳር ኪኒን (ሜትፎርሚን) ታዞላት የ10 ቀን ሰጥታችኋታል። አረጋዊ የሚያርፍበት አንድ ወንበርም የላችሁም።

ኢንሱሊኑን ትናንት ተበድሬ ከሌላ ቦታ ገዛሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል። ልጽፍ ስቀመጥ ይቅርታ እንድትሉን ብቻ ልጠይቅ ነበር። አሁን ግን ገንዘቡ ተመላሽ እንዲሆን፣ የቀጣዩ ወር መድኃኒት በስሟ እንዲቀመጥላትና ባለሙያዋ ራሷ እናቴን ይቅርታ እንድትጠይቅ እፈልጋለሁ። እስከ ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ለጤና መድኑ ጽሕፈት ቤትና ለከተማው ጤና መምሪያ አስገባለሁ፤ ውላችሁ እንዲታይም እጠይቃለሁ።

ስልኬ የባለሙያዋ ደብተር ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር
የታካሚዋ ልጅ