የቤተሰብ ፎቶ ሲላክ እንዳይበላሽ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ጉዳዩ የቤተሰብ ፎቶ ነው። በደሴም በኮምቦልቻም ሰርጉና ክርስትናው ዛሬ በስልክ ይነሳል። የፊልምና የማጠቢያ ወጪ ቀርቷል፤ ገንዘቡ ግን ወደ ስልክ፣ ወደ ሜሞሪ ካርድና ወደ ዳታ ዞሯል። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ወጥቶበት ፎቶው መበላሸቱ ነው።

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ሲላክ ነው። 4000 በ3000 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ሆኖ የተነሳ ፎቶ በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲላክ ረጅም ጎኑ ወደ 1280 ይወርዳል። ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። በ20 በ30 ሳንቲሜትር ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን የአያት ነጠላ ጥለት ተደበላልቆ አንድ ቀለም ይመስላል፤ ለዚህ መጠን ጥራት ያለው ህትመት 2400 በ3600 ፒክስል ይፈልጋልና። አታሚው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ፎቶው «ፋይል» ተብሎ ቢላክ ዳታ ይበላል እንጂ ጥራቱ አይነካም።

ካርዱም ቢሆን ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይለያይ ከተነቀለ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ብቻ መያዝ አደጋ ነው።

ፎቶ ቤቶች ዋናውን ፋይል በፍላሽ ለደንበኛው ያስረክቡ፤ ፋይሉን እስከ መቼ እንደሚያስቀምጡም ደረሰኙ ላይ ይጻፉ።

አንድ አንባቢ፣ ከደሴ