ሠራተኛችን ገና ስትገባ ሳሙና የምትጠይቀው ለምንድን ነው?

ውድ የቤት ለቤት እንክብካቤ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛችን ደውለው ተቆጡን። «እናቴ ልትስማት እጇን ዘርግታ ስትጠብቅ፣ ልጅቷ ሳሙና የት ነው ብላ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። እናቴ ተጸየፈችኝ ብላ ቀኑን ሙሉ ስታዝን ዋለች» አሉን። ልጅቷ ያደረገችው እኛ ያስተማርናትን ነው። ጥፋቱ ግን የኛ ነው፤ ለምን እንደምታደርገው ለእናንተ ነግረናችሁ አናውቅም። ይቺ ደብዳቤ ለዚያ ናት።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የምንፈራው የእናንተን ቤት ሳይሆን የራሳችንን እጅ ነው። ሠራተኛችን ጠዋት አራት ኪሎ የአልጋ ቁስል ያለባቸውን አባት ስታጥብ ታረፍድና ከሰዓት ፒያሳ ትሄዳለች። በመሃል ታክሲ አለ፤ ወያላው የመለሰላት የተጨማደደ ብር አለ። ያን ሁሉ ይዛ ነው በራችሁን የምታንኳኳው። እሷን ለሁለት ቀን የሚያስነጥሳት ጉንፋን 80 ዓመት ያለፋቸውን እናት ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እጅ መታጠብ ያለበትን ጊዜ አምስት አድርጎ ነው የሚያስተምረው፦ ታማሚን ከመንካት በፊት፣ እንደ ቁስል ማሸግ ያለ ንጽሕና የሚፈልግ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ደም ወይም ሽንት ከነካ በኋላ፣ ታማሚውን ከነካ በኋላ። አምስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ታማሚውን ሳትነካ ብርድ ልብሱን ወይም የአልጋውን ጠርዝ ብቻ ብትነካም ትታጠባለች። በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል፤ አውራ ጣትና ጥፍር ሥር ነው የሚዘለለው። ሳኒታይዘር ጥሩ ነው፤ በቤቱ ተቅማጥ ካለ ግን አንተማመንበትም፣ ሳሙናና ውሃ ነው።

ውሃ በፈረቃ እንደሆነ እኛም እናውቃለን፣ የምንኖረው እዚሁ ከተማ ነው። ከጀሪካን በጆግ እየቀዳ የሚያፈስላት ሰው ካለ ይበቃል። ድግስ ላይ በማስታጠቢያ የሚደረገው ማለት ነው። ሳፋ ውስጥ እጅ መንከር ግን አይሆንም፤ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን እድፍ ነው የሚታጠበው። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ በየሱቁ በር ባለ ቧንቧ ባልዲ ተደርድሮ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አሁን አብዛኛው የለም። እናንተ ቤት አንድ ቢኖር ደስ ይለናል።

ስለ ጓንት ሂሳብ የጠየቃችሁን አላችሁ፤ እውነት ነው ጨምሯል። አንድ ጊዜ ሠራተኛችን ዳይፐር ቀይራ፣ በዚያው ጓንት ፍሪጅ ከፍታ እርጎ አውጥታለች። የቤቱ ልጅ አይታ ነገረችን፤ አመስግነናታል። ጓንቱ የሠራተኛዋን እጅ ጠብቋል፤ ፍሪጁን ግን ማን ጠበቀው? አሁን አንድ ጓንት ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሥራ ነው። ስታወልቀውም ትታጠባለች፤ ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል።

በረኪና ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በየቤቱ የምናየው ብዙ ነው። ደም ወይም ትውከት ሲፈስ መጀመሪያ በወረቀት ወይም በጨርቅ ይጠረጋል። እላዩ ላይ በረኪና ማፍሰስ ብክነት ነው፤ እድፉ ኃይሉን ይጨርሰዋል። ከዚያ የበረኪናው ጠርሙስ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ አንድ ብርጭቆ በረኪና በ9 ብርጭቆ ውሃ ይበጠበጣል፤ ወለሉ ላይ ለ10 ደቂቃ ይቆያል። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም፣ እየደከመ ይሄዳል። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ግን በፍጹም አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። «ሲቀላቀል ይበረታል» የሚሉ አሉ። የሚበረታው በሰው ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያጨቃጭቀን መስኮት። ሠራተኛዋ ስትከፍት «ብርድ ይመታቸዋል» ተብሎ ይዘጋል። ጋቢ ደርቡላቸው፤ መስኮቱን ግን ተዉልን። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ ያለባቸውን አባት ሳህንና ብርጭቆ የሚለዩ ቤተሰቦች አይተናል። ቲቢ በሳህን አይተላለፍም። አባት ብቻቸውን በሉ፣ መስኮቱም እንደተዘጋ ቀረ። ምን ጠቀመ?

የኢንሱሊን መርፌ በፌስታል አትጣሉ፤ ቆሻሻ የሚያነሳውን ልጅ ይወጋዋል። ክዳን ያለው ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ አዘጋጁ፣ ሲሞላ ወዴት እንደሚወሰድ እንነግራችኋለን።

ሠራተኛችን ካሳላት ወይም ካስቀመጣት ከቤቷ አትወጣም። የቀረችበትን ቀን እንከፍላታለን፤ ካልከፈልናት ሕመሟን ደብቃ ትመጣለችና። ተተኪ የማታውቋት ልጅ ከሆነች ቅር አይበላችሁ። በእናንተም በኩል ቤት ውስጥ ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም የከረመ ሳል ያለበት ሰው ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ደውሉልን። ማስክና ሽርጥ ይዛ እንድትመጣ፣ እናንተንም ከዕለቱ ቤቶች መጨረሻ ላይ እንድናደርጋችሁ ነው። ለዚህ ተጨማሪ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ለቤት እንክብካቤ ቢሯችሁ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ