ስልክ ስትገመግሙ የኛን ፊት አንሱበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የቴክኖሎጂ ገፃችሁን ሁሌ ነው የማነበው፣ አዲስ ስልክ ሲወጣ ቶሎ ስለምትጽፉ ደስ ይለኛል፣ ግን ካሜራው ጋ ስትደርሱ ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር አለ። 50 ሜጋፒክሰል፣ 108 ሜጋፒክሰል፣ 200 ሜጋፒክሰል እያላችሁ የፎቶውን ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት ትቆጥሩና ታልፉታላችሁ። ሱቅ ሄደን ስንጠይቅም ሻጩ የሚደረድርልን ይሄንኑ ቁጥር ነው። ማታ ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ ሰብሰብ ብሎ፣ በሉ አንድ ፎቶ እንነሳ ሲባል ግን ያ ሁሉ ሜጋፒክሰል የት እንደገባ እንጃ።

በቅርቡ አዲስ ስልክ ገዝቻለሁ፣ መካከለኛ ዋጋ ከሚባሉት ነው፣ ብራንዱን አልጠራም ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ካምፓኒ ብቻ አይመስለኝም። በዛው ሰሞን ለአሮጌው ካኖን ካሜራዬ ኢኤፍ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም የምትባለዋን ሌንስ አገኘሁ፣ ካኖን በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣት ናት፣ ክብደቷ 160 ግራም ገደማ፣ ርካሽ ከሚባሉት ሌንሶቹ አንዷ። ሁለቱንም ጎን ለጎን እየተጠቀምኩ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ስልኩ ደጅ ላይ በጣም ጎበዝ ነው። ነጭ የሀበሻ ልብስ የለበሰ ሰው በጠራራ ፀሐይ ማንሳት ቀላል አይደለም፣ ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ፎቶ ያነሳ ሰው ያውቀዋል፣ ካሜራው ነጩን ያይና ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፣ ከዛ ልብሱ አምሮ ፊት ይጠቁራል። ስልኩ ግን በቅጽበት ብዙ ፎቶ አንስቶ ስለሚያዋህድ ጥበቡም ፊቱም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በካሜራዬ ይሄን ለማግኘት ብርሃኑን ራሴ ከፍ ዝቅ ማድረግ አለብኝ። ባትሪውም ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ ስቶሬጁም ይበቃኛል፣ እሱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ችግሩ የሚመጣው ሲመሽ ነው። የስልኩ ሌንስም ላይ ኤፍ 1.8 ተብሎ ተጽፏል፣ የ50ዋ ሌንሴም ላይ ኤፍ 1.8 ነው፣ ስለዚህ አንድ ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፣ ግን ቁጥሩ የሚያሳየው የሌንሱን የትኩረት ርዝመት (ፎካል ሌንግዝ፣ የኔዋ ላይ 50 ሚሊ ሜትር የሚባለው) ብርሃን ለሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ስናካፍል የሚመጣውን ነው። 50 ለ1.8 ሲካፈል የሌንሷ ቀዳዳ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ የስልኩ ዋና ሌንስ ትክክለኛ ርዝመቱ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚሆነው። አንዱ ሰፊ መስኮት ነው፣ ሌላው የቁልፍ ቀዳዳ። ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰርም የስልኩ በጣም ትንሽ ነው። ለዛም ነው 50 ሜጋፒክሰል የተባለው ስልክ ብዙውን ጊዜ አራት አራቱን ፒክሰል አንድ አድርጎ 12 ሜጋፒክሰል ገደማ ፎቶ የሚሰጠን፣ ይሄን ግን ሻጩም አይነግረን እናንተም አልጻፋችሁልን።

ስልኩ የጎደለውን ብርሃን በሶፍትዌር ይሞላል፣ እሺ ይሙላ፣ ግን በኛ ፊት ላይ ሲሞላ ነው የሚያመኝ። አያቴን ቡና ሲያፈሉ ጀርባውን በሚያደበዝዘው ፖርትሬት ሞድ አነሳኋቸው። የነጠላቸው ጫፍ ላይ ያሉት ክሮች ግማሾቹ ከኋላው ግድግዳ ጋር ደብዝዘው ጠፉ፣ የዕጣኑ ጭስ አንድ ቦታ ላይ በመቀስ የተቆረጠ መሰለ፣ ፊት አሳምራለሁ የሚለው ቢዩቲ ሞዱ ደግሞ ሳልነካው ከፋብሪካው በርቶ የመጣ ስለሆነ ፊታቸውን አቅልቶ፣ ሽብሽባቸውን አለስልሶ፣ ግንባራቸው ላይ ያለችውን የመስቀል ንቅሳት ልትታይ እስክትቸገር ድረስ አደበዘዛት። አሳየኋቸው። ትንሽ አዩትና "ንቅሳቴን የት አደረሳችሁት?" አሉኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ግንባራቸው ላይ ያለችን ነገር ስልኩ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠረገው ማለት ነው።

በ50ዋ ሌንስ እዛው ቦታ፣ በዛው አምፖል አነሳኋቸው። ጀርባው በራሱ ለስለስ ብሎ ደበዘዘ፣ የነጠላው ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ንቅሳቷም ሰማያዊ ቀለሟን እንደያዘች አለች፣ ጠይም ፊታቸውም ጠይም ሆኖ ወጣ። እሷም ግን ለሁሉ ነገር አትሆንም፣ እንደኔ ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ላይ ስትገጠም እንደ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያህል ስለምታጠጋ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፌም ቤተሰቡን በሙሉ አላስገባም፣ እዛ ላይ ስልኩ ይሻላል። ማረጋጊያም የላትም፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ፎቶው ብዥ ይላል። ሙሉ በሙሉ ተከፍታ በቅርብ ስታነሳ ደግሞ አንዱ ዓይን ጥርት ብሎ ሌላው ሊደበዝዝ ይችላል።

የጠቆረ ቆዳ በትክክል አለመውጣቱ እኛ የፈጠርነው ቅሬታ አይደለም። ጉግል በ2021 እ.ኤ.አ. ፒክሰል 6 የተባለውን ስልኩን ሲያወጣ ሪል ቶን ብሎ ለዚሁ ጉዳይ ሠርቷል፣ ቴክኖም ዩኒቨርሳል ቶን የሚለው አለው። አምራቾቹ ራሳቸው ካመኑበት እኛ አገር ጋዜጣ ላይ ስልክ ሲገመገም ይሄ ጥያቄ ለምን አይነሳም? ሰው ተበድሮም፣ ዕቁብ ጥሎም ነው እኮ ስልክ የሚገዛው፣ የወላጁንና የልጁን ፎቶ የሚያስቀርበት ሌላ ካሜራ የሌለው ብዙ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ሌላ ስልክ ስትገመግሙ ማታ በአንድ አምፖል ጥቁር፣ ጠይምና ቀይ ሰው አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ አንሱ፣ አንዷ ሹሩባ የተሠራች ብትሆን አንዷ ነጠላ ብትለብስ ጥሩ ነው። ፎቶውን ጋዜጣው ላይ ማተም ካስቸገረ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት፣ ግን እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ በፋይል ይሁን። ቢዩቲ ሞዱ ስልኩ ሲከፈት በርቶ ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለውንም፣ ከየት ገብቶ እንደሚጠፋም በአማርኛ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጀሞ