መስመሩን ከማሳደጋችሁ በፊት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሞክሩ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

መስከረም በጠባ ቁጥር ከባሕር ዳር ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች «ኢንተርኔቱ ሞተ» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ኢንተርኔቱ አልሞተም። ክረምቱን ተዘግተው የከረሙ ኮምፒውተሮች በአንድ ጠዋት ተከፍተው፣ ያንኑ ማሻሻያ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከባሕር ማዶ እየጎተቱ ነው። ኡቡንቱ የተባለው ነፃ ስርዓተ ክወና የተጫነባቸው 40 ማሽኖች 500 ሜጋባይት፣ 500 ሜጋባይት ቢያወርዱ 20 ጊጋባይት ይሆናል። የኢንተርኔት መስመሩ በሴኮንድ 20 ሜጋቢት (2.5 ሜጋባይት) ከሆነ፣ ሌላ ሰው ባይነካው እንኳ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፋይሉ አንዴ ብቻ ቢመጣ አራት ደቂቃ አይሞላም።

ለዚህ የሚበጀው አፕት-ካቸር-ኤንጂ (apt-cacher-ng) የተባለው ነፃ ካሽ ፕሮክሲ ነው፤ በማሽኖቹና በኢንተርኔቱ መካከል ሆኖ አንዴ የወረደውን ፋይል አስቀምጦ ለሌሎቹ የሚያድል ፕሮግራም ማለት ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ሰርቨር ሆኖ ይበቃዋል። ለማከማቻው 100 ጊጋባይት ያህል ለብቻው ክፈሉለት፤ አለዚያ ዲስኩ ሲሞላ ሰርቨሩ ራሱ ይቆማል። ሲጫን ታነል (ይዘቱን ሳያይ የሚያሳልፍ መተላለፊያ) ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቃል፤ «አይ» በሉት። አይፒ አድራሻው የማይቀየር ይሁን፣ ፕሮክሲው የሚሠራበት በር፣ ፖርት 3142፣ ደግሞ በፋየርዎል (በኔትወርክ መከላከያው) ለኮምፒውተር ቤተ ሙከራው ብቻ ይከፈት። በተማሪዎቹ ማሽኖች ላይ የሚቀረው የሰርቨሩን አድራሻና ፖርት የያዘ አንድ የጽሑፍ መስመር በአፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛና ማሻሻያ መሣሪያ) ማዋቀሪያ ማውጫ ውስጥ ማስገባት ነው።

ስኩዊድ የተባለውን ሌላ ካሽ ፕሮክሲ የሚመርጡ አሉ። መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ግን እንደተጫነ ከተዉት ዲስክ ላይ ምንም አያስቀምጥም። የዲስክ ማከማቻውን ከከፈቱለት በኋላም ከ4 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይዝም፤ እነ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት)፣ መስመሩን የሚያንቁት ትልልቆቹ ማለት ነው፣ ሁሌም እንደ አዲስ ይወርዳሉ። የመጠን ገደቡን ስታሳድጉ ትእዛዙን በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ማከማቻውን ከሚከፍተው መስመር በላይ ጻፉት። ከታች ከሆነ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚደናበረው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ተቋሙ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የመግቢያ ገጽ ሲኖረው ነው። ሰርቨሩ ራሱ ካልገባ፣ በፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) ዝርዝሩ ምትክ ያንን ገጽ ተቀብሎ ለሁሉም ያድላል። ማሽኖቹ ላይ «ኖስፕሊት» (NOSPLIT) የሚል ስሕተት ካያችሁ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይህ ነው። መፍትሔው ሰርቨሩ ከመግቢያ ገጹ ነፃ እንዲሆን ማስፈቀድ ነው። መብራት ሲቆራረጥ ደግሞ በጅምር የቀረ ፋይል «ሃሽ ሰም ሚስማች» (Hash Sum mismatch)፣ ማለትም የፋይሉ ይዘት ከተመዘገበው ጋር አይገጥምም የሚል ስሕተት፣ ያስከትላል። ያን ጊዜ ሙሉውን ማከማቻ አትደምስሱ፤ በፕሮክሲው የሪፖርት ገጽ ላይ ይዘትን በቼክሰም (ከይዘቱ በሚሰላ መለያ ቁጥር) የሚያጣራውን ምርጫ አስነሡ፣ የተበላሸውን ለይቶ ያወጣዋል። በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ብቻ የሚሠሩ የሌሎች ድርጅቶች የፓኬጅ ምንጮች በዚህ መንገድ አይያዙም፤ እነሱን በቀጥታ እንዲያልፉ ማድረግ ይሻላል።

ወደ ቤት የሚወሰድ ላፕቶፕ ካለ ያንን የፕሮክሲ አድራሻ መስመር አታስገቡበት፤ ከግቢ ሲወጣ ማሻሻያው በሙሉ ይቆምበታል። «አውቶ-አፕት-ፕሮክሲ» የተባለው ፓኬጅ ሰርቨሩ ሲገኝ በእሱ፣ ሲታጣ በቀጥታ ያስኬደዋል። ማሽኖቹን የሚያገናኘው ስዊች 100 ሜጋቢት ከሆነም በሴኮንድ ከ12 ሜጋባይት ብዙ አትጠብቁ፤ 40ውን ማሽን ለማዳረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

ኔትወርኩ ለደከመባቸው፣ ለምሳሌ በጣና ሐይቅ ዳር ላሉት የዘጌ ትምህርት ቤቶች፣ ፋይሎቹን ባሕር ዳር ላይ በውጭ ዲስክ ገልብጦ በጀልባ መላክ ይቻላል። እዚያ ያለው ሰርቨር ማከማቻ ውስጥ «_import» (ኢምፖርት) የሚባለው ማውጫ ላይ ይቀመጡና ከሪፖርት ገጹ ማስገባት ነው። ከዚያ በፊት ግን ከአንድ ማሽን በፕሮክሲው በኩል የፓኬጅ ዝርዝሩን አውርዱ። እሱ ለሞባይል ዳታም አይከብድም፤ ዝርዝሩ ከሌለ ግን ሰርቨሩ ፋይሎቹን አያውቃቸውም፣ ዲስኩም በከንቱ ሐይቁን ተሻገረ ማለት ነው።

የኔትወርክ ባለሙያዎች
ከባሕር ዳር