የርክክብ ቀን ጭቅጭቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በከተማችን አዳማ አከራይና ተከራይ በሰላም ከርመው በመልቀቂያው ቀን በጽዳት ሰበብ ሲጨቃጨቁ ማየት የተለመደ ሆኗል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ቢደነግግም፣ ብዙዎቻችን የምንፈርመው ውል «እንደተረከበ ያስረክባል» ከማለት አልፎ ቤቱ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር አይገልጽም።

በእኔ እምነት በከሰል ጭስ የጠቆረውን የማድቤት ግድግዳ ማጠብ፣ የምስማር ቀዳዳ በጀሶ መድፈን፣ ነፋሱ በየመስኮቱ ሐዲድ የከመረውን አቧራ መጥረግና የመጸዳጃ ቤቱን ሴራሚክ መፈተግ የተከራዩ ድርሻ ነው (በረኪናና አሲድ መቀላቀል መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣ ግን አይዘንጋ)። ፀሐይ ያደበዘዘውን ቀለም በተከራዩ ኪስ ማስቀባት ግን አግባብ አይደለም።

አንድ የማውቃቸው አከራይ ቁልፍ ሲሰጡም ሲቀበሉም ከተከራዩ ጋር እየዞሩ እያንዳንዱን ክፍል በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ፤ የቆጣሪውንም ንባብ ይጽፋሉ። ውል የሚመዘግበው አካል ይህንኑ የያዘ፣ ሁለቱም ወገኖች የፈረሙበት የርክክብ ቅጽ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ ቢያደርግ መልካም ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተከራይ፣ ከአዳማ