የመገናኛ የስልክ ነጠቃ እንዲቆም ከተነጠቀ ስልክ ገዢው ይጀመር፦ ለአዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለከተማው የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ፣ ለንግድ ቢሮ፣ ለመንገዶች ባለሥልጣን፣ ለኢትዮ ቴሌኮም፣ ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ

ጉዳዩ፦ በመገናኛና አካባቢው የሚፈጸም የሞባይል ስልክ ነጠቃን ይመለከታል

በመገናኛ ዙሪያ የምንነግድ፣ ስልክ የምንጠግንና ታክሲ የምናሠራ ሰዎች ነን። ነጠቃው እንዴት እንደሚካሄድ፣ የተነጠቀው ስልክ የት እንደሚገባና ሰንሰለቱ የቱ ጋ ቢበጠስ እንደሚቆም በቅርብ ስለምናውቅ ይህን ጽፈናል።

መገናኛ ከቦሌ፣ ከሲ.ኤም.ሲ፣ ከኮተቤና ከሃያ ሁለት የሚመጣ ሕዝብ ባቡርና ታክሲ የሚቀያይርበት ቦታ ነው። ነጣቂዎች የሚመርጡት ከሥራ መውጫ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለውን ጊዜ ነው። ታክሲ ሲመጣ ሰልፉ ይፈርስና ሁሉም ወደ በሩ ይጋፋል። አንዱ የሚሳፈር መስሎ በሩ ላይ መንገድ ይዘጋል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል፣ ሦስተኛው ከኪስ ወይም ከቦርሳ ያወጣል። ስልኩ በእጁ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ለአራተኛው ያቀብለዋል፣ እሱም አስፋልቱን ተሻግሮ ይሰወራል። ሕዝቡ ሮጦ የሚይዘው ሦስተኛውን ነው። ሲፈተሽ ምንም አይገኝበትም። ያየ ሰው በመጣለት ታክሲ ሄዷል፤ ተበዳዩም ስልክ ስለሌለው ተመልሶ የሚጠራበት አድራሻ የለውም።

ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ይህ ለሁላችንም ዋስትና ነው። ኤግዚቢትም ምስክርም የሌለው መዝገብ ግን ዳኛ ፊት አይቆምም። ስለዚህ ተጠርጣሪ ሲለቀቅ ፍርድ ቤቱን ከመውቀስ በፊት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምን እንደተመዘገበ መመልከት ይገባል። በሰልፉ አጠገብ አንድ ጠረጴዛና አንድ መዝጋቢ ፖሊስ በቂ ነው። የተበዳይ ስም፣ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር፣ የጠፋው ስልክ ዓይነት፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ከተገኘም የሁለት ምስክሮች አድራሻ ይያዝ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ሌላው ችግር መገናኛ በየካና በቦሌ ክፍለ ከተሞች መካከል መሆኑ ነው። ተበዳይ «ይህ የእኛ ክልል አይደለም» ተብሎ ወደ ማዶ ከተላከ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ወንጀሉም ከቁጥር ይጎድላል። በየትኛውም በኩል የቀረበ አቤቱታ መጀመሪያ እንዲመዘገብና ጣቢያዎቹ በኋላ እርስ በርሳቸው እንዲላላኩ በመመሪያ ይታዘዝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ነጠቃ የሚኖረው ገዢ ስላለ ነው። ስልኩ በዚያው ምሽት ከሦስት መንገዶች በአንዱ ይሄዳል። ቁልፍ የሌለው ከሆነ እንዳለ ይሸጣል። በአካውንት የተቆለፈ ከሆነ ይፈታታና ስክሪኑ፣ ባትሪው፣ ካሜራውና ቦርዱ ለየብቻ ለመለዋወጫ ይወጣሉ። ለአንዳንድ ርካሽ ስልኮች ደግሞ መለያ ቁጥራቸውን በኮምፒውተር የሚቀይሩ ሰዎች አሉ። የቁጥር ለውጡን በቴክኒክ ለመከላከል ይከብዳል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን መዝጋት ይቻላል።

እያንዳንዱ ስልክ አይ.ኤም.ኢ.አይ የሚባል 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው፤ *#06# ሲደወል ይታያል፣ ካርቶኑም ላይ ተጽፏል። ባለሁለት ሲም ስልክ ሁለት ቁጥር ስላለው ሁለቱም መያዝ አለባቸው። ተበዳይ ካርቶን ወይም ደረሰኝ ስለሌለው መመለስ የለበትም፤ የእሱ ሲም በመጨረሻ የሠራው በየትኛው መሣሪያ እንደሆነ ከኔትወርኩ ማወቅ ይቻላል። ሌባው ወይም ገዢው አዲስ ሲም ሲያስገባም መሣሪያው ከአዲሱ ቁጥር ጋር ተያይዞ ይታያል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን በአንዱ ኔትወርክ ላይ ብቻ የሚዘጋ ስልክ በሌላው ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ኩባንያዎች የጋራ የተሰረቁ ስልኮች መዝገብ ይኑራቸው። ፖሊስ ያረጋገጠው ቁጥር በ24 ሰዓት ውስጥ በሁለቱም ይዘጋ፣ ባለቤቱ ስልኩን ሲያገኝም በዚያው መንገድ ይከፈት።

ከሱቆች የምንጠይቀው ከባድ አይደለም፤ እኛም ራሳችን እንገባበታለን። ያገለገለ ስልክ ወይም ቦርድ የሚገዛ ሱቅ ሁሉ ገጾቹ ቁጥር የተሰጣቸውና በንግድ ጽሕፈት ቤት ማኅተም የተደረገባቸው ደብተር ይያዝ። የሻጩ የፋይዳ ቁጥር፣ የስልኩ መለያ ቁጥሮች፣ ቀኑና ዋጋው ይጻፍበት፤ ከመግዛቱ በፊትም ቁጥሩን በጋራው መዝገብ ያጣራ። ያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ የተሰረቀ ስልክ ቢገኝ «አላወቅሁም» የሚለው መልስ ክብደት ያጣል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682ም የተሰረቀ ዕቃ ተቀባይን የሚጠይቅ ነው። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ገዢው ማወቁን የሚያስረዳ ወረቀት ነው። ደብተሩን ማየት ያለበት ከፖሊስና ከንግድ የተውጣጣ ቡድን ይሁን፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚመጣበት ቁጥጥር ለጉቦ በር ይከፍታል።

ከስልኩ ጋር ገንዘብም ይሄዳል። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያዎች ከተስፋፉ በኋላ ያልተቆለፈ ሲም ሌላ ስልክ ውስጥ ገብቶ የማረጋገጫ መልእክት ይቀበላል። መዝጋቢው ፖሊስ ሲሙና ሂሳቡ እንዲዘጋ ተበዳዩን መጀመሪያ በፖሊሱ ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 እና ወደ ባንኩ ያስደውለው፤ ቃል መቀበሉ ከዚያ ይቀጥል።

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማው የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን ሲገድብ ከምክንያቶቹ አንዱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። መጓጓዣው ሲገደብ ነጣቂው በእግሩ ይመጣል፣ ገዢው ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። የጅምላ አፈሳም እንዲሁ ነው፤ ጎዳና ላይ ያሉ ሕፃናት ተሰብስበው ይመለሳሉ፣ ስልኩን የሚገዛቸው ሰው አንድ ሌሊት እንኳ አይታሰርም። ይህ ያሳዝነናል፤ ለነጠቃ የሚላኩት አብዛኞቹ ልጆች ናቸውና። የተያዘን ሰው የሚደበድበው ሕዝብም መቆም አለበት። ሰው ይጎዳል፣ በግርግሩ መሃልም ስልኩን የያዘው ያመልጣል።

ስለ መብራት አጭር ነው። ዋናው መንገድ በኮሪደር ልማቱ በርቷል፤ ወደ ለም ሆቴል ጀርባና ወደ ሾላ የሚያስገቡት ውስጥ መንገዶች ግን ያው ጨለማ ናቸው። ምሰሶዎቹ ላይ ቁጥር ይጻፍ፣ ነዋሪው ቁጥሩን ጠቅሶ ያመልክት። አንድ ምሰሶ ብቻ ከጠፋ ችግሩ ብዙውን ጊዜ አምፖሉ ነው፤ ተከታታይ ምሰሶዎች ከጠፉ ግን ማከፋፈያው ወይም በቁፋሮ የተቆረጠ ገመድ ስለሆነ አምፖል ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ምንም አይሠራም።

በመጨረሻም በየወሩ በወረዳ፣ በሰዓትና በቦታ የተከፈለ ቁጥር ይውጣ፤ ስንት አቤቱታ ቀረበ፣ ስንት ስልክ ተዘጋ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት ገዢ ተከሰሰ። ጠረጴዛው ሥራ በጀመረባቸው ወራት የአቤቱታው ቁጥር መጨመሩ አይቀርም። ያ የሚሆነው ቀድሞ ሳይመዘገብ የቀረው ስለሚመዘገብ ነውና የጣቢያው አዛዥ በዚያ እንዳይገመገም አስቀድመን እንጠይቃለን።

የሱቅ ደብተሩን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆንን ነጋዴዎች ዝግጁ ነን፤ የደብተሩን ቅጽና ማኅተሙን የሚሰጠን ክፍል እንዲነገረን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
በመገናኛ አካባቢ የምንሠራ ነጋዴዎች፣ የስልክ ጠጋኞችና የታክሲ ባለንብረቶች